ጨረሩ የሚመታው የታየውን ነው፦ ካንሰር ወደ አንጎል ሲዛመት

«ጡቷ ወጥቶ የለም እንዴ? ኬሞውንም ጨርሳ ነበር። ታዲያ ጭንቅላቷ ውስጥ ከየት መጣ?» ደብረ ብርሃን በሚገኘው ሐኪም ግዛው ሆስፒታል ግቢ ተራ ከሚጠብቁ አስታማሚዎች መካከል ይህን የሚጠይቅ አይጠፋም። ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ ወይም ከአረርቲ ሕመምተኛ ይዞ የመጣ ሰው «ወደ አንጎል ተዛምቷል» ሲባል የሚሰማው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ አበቃ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የሚናገረው ጆሮው ውስጥ አይገባም። ይህ ጽሑፍ ስላልተሰማው ክፍል፣ በተለይም ዕጢውን ብቻ ለይቶ ስለሚመታው ያነጣጠረ ጨረር ነው።

ከጥያቄው እንጀምር። ካንሰር ከተነሣበት አካል የሚላቀቁ ሕዋሳት በደም ይጓዛሉ። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም ልብ ከምትረጨው ደም ወደ 15 በመቶ የሚጠጋው ወደ እሱ ይሄዳል። ደም የሚበዛበት አካል ለተጓዥ ሕዋስም ክፍት ነው። የአንጎል ደም ሥሮች ከግራጫው የላይኛው ክፍል ወደ ነጩ የውስጠኛው ክፍል ሲዘልቁ ይጠባሉ፤ ሕዋሱ ብዙ ጊዜ የሚሰነቀረው እዚያ ድንበር ላይ ነው። አብዛኛው እንደተሰነቀረ ይሞታል። ጥቂቱ ግን ይተርፍና ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት አድፍጦ ቆይቶ ያድጋል። ስለዚህ ጡት ከወጣ ከብዙ ጊዜ በኋላ የታየ ዕጢ ቀዶ ሐኪሙ ሥራውን አጉድሏል ማለት አይደለም፤ ሕዋሱ ቀዶ ሕክምናው ሳይደረግ በፊት መንገድ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ኬሞውም ያልደረሰበት ምክንያት አለው። የአንጎል ደም ሥሮች ግድግዳ ከሌላው የሰውነት ክፍል ይልቅ የተጠጋጋና ጠባብ በመሆኑ ብዙ መድኃኒቶችን አያሳልፍም።

በአንጎሏ ውስጥ ያለውም የጡት ካንሰር ነው። በአጉሊ መነጽር ቢታይ የጡት ካንሰር ሕዋስ ነው፤ መድኃኒቱም የሚመረጠው በዚያው ነው። ወደ አንጎል በብዛት የሚዛመቱት የሳንባ፣ የጡት፣ የኩላሊት፣ የትልቁ አንጀትና ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ናቸው። በአዋቂዎች ዘንድ እንዲህ ከሌላ አካል የሚመጡት ዕጢዎች ከራሱ ከአንጎል ከሚነሡት ይበልጣሉ። አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመተኛት ወይም በማስታመም አይተላለፍም፤ ይህን መጻፍ የማያስፈልግበት ቀን ቢመጣ ደስ ይለኝ ነበር።

ምልክቱና ጸበሉ

ምልክቱ ዕጢው እንዳረፈበት ቦታ ይለያያል። እጅና እግርን በሚያዝዘው ክፍል ላይ ከሆነ አንድ ጎን ይሰንፋል። ከኋላ፣ ሚዛን በሚጠብቀው ክፍል ላይ ከሆነ ሰውየው ሳይጠጣ እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል። ከፊት ከሆነ ጠባይ ይለወጣል፤ ዝምተኛው ቁጡ ይሆናል፣ ባለሙያዋ ሴት ወጥ ጥዳ ትረሳለች። ራስ ምታቱ ብዙ ጊዜ ጠዋት ሲነሡ ይበረታል፤ ተጋድመን ስናድር በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር ነው። ማስመለስም ይከተለዋል። በአንዳንዱ ሰው ላይ ግን ከዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ራስን ስቶ መውደቅና መንቀጥቀጥ ነው።

ይህ የመጨረሻው ምልክት በእኛ አገር ከሆስፒታል ይልቅ ወደ ጸበል ይመራል። ሰሜን ሸዋ ደግሞ ሸንኮራ ዮሐንስና ጻድቃኔ ማርያም ያሉበት፣ ሰው ከሩቅ አገር ተነሥቶ የሚመጣበት ምድር ነው። ጸበል አትሂዱ ብዬ ልመክር አልነሣሁም። የምለው የቅደም ተከተል ነገር ነው። ከዚህ ቀደም ለካንሰር የታከመ ሰው አዲስ መንቀጥቀጥ፣ አዲስ የአንድ ጎን ስንፈት ወይም ለሳምንታት የማይለቅ የጠዋት ራስ ምታት ካየ አስቀድሞ ጭንቅላቱን በምርመራ መሣሪያ ይታይ። ጸበሉ ከዚያ በኋላም አለ። መድኃኒት የጀመረ ሰው ጸበል ሲገባ ደግሞ ክኒኑን ይዞ ይግባ፤ በሰዓቱም ይዋጥ።

መንቀጥቀጥ ሲመጣ ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ በጥርስ መካከል ማንኪያ መክተት፣ እጅና እግር ይዞ መጫን ምንም አይረዳም። ማንኪያው ጥርስ ይሰብራል፣ መጫኑ አጥንት ይጎዳል። ሕመምተኛውን ከእሳትና ከድንጋይ ማራቅ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ ሰዓት ማየት፤ ሥራው ይኸው ነው። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከተደገመበት በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።

ለምርመራው ሲቲ ስካን ፈጣን ነው፤ ደም መፍሰስንና ትልቅ ዕጢን ያሳያል። ትንንሾቹን ግን ያልፋቸዋል። በደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ የሚነሣ ኤምአርአይ የጥቂት ሚሊ ሜትር ዕጢ ሳይቀር ያወጣል። ሲቲው አንድ ዕጢ ያሳየበት ሰው በኤምአርአይ አራት ወይም አምስት ሊገኝበት ይችላል፤ ያን ጊዜ ዕቅዱ በሙሉ ይለወጣል። ይህን ልብ በሉት፤ በኋላ የምመለስበት ጉዳይ ነው።

ያታለለው ክኒን

ዕጢው ከራሱ መጠን ይልቅ በዙሪያው በሚያመጣው እብጠት ይጎዳል። ራስ ቅል አጥንት በመሆኑ ያበጠው አንጎል የሚሄድበት የለውም። ስለዚህ ምልክት ላለበት ሕመምተኛ በቅድሚያ የሚታዘዘው ዴክሳሜታሶን የሚባል እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ነው። ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ለውጡ ይታያል። አልንቀሳቀስ ያለው እጅ ኩባያ ያነሣል፣ ራስ ምታቱ ይለቃል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፈታል።

አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ቤተሰቡ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነች» ብሎ የሪፈር ወረቀቱን አጥፎ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ዴክሳሜታሶን ዕጢውን አይገድለውም፤ እብጠቱን ይዞ ጊዜ ይገዛል። ያ ጊዜ ደግሞ የተገዛው ለሪፈሩ ነበር።

ክኒኑ ቀላል መድኃኒት አይደለም። የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በቅርብ መለካት አለበት። ጨጓራ ይቆጣል፣ እንቅልፍ ይነሣል፤ ስለዚህ ምግብ ተበልቶ በጠዋት ቢወሰድ ይሻላል፣ በቀን ሁለት ጊዜ ከታዘዘም ሁለተኛው ከሰዓት በኋላ ቀደም ብሎ። በጾም ወቅት ሕመምተኛዋ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልቀምስ» ብላ በባዶ ሆዷ ብትውጠው ወይም ብትተወው ጉዳት አለው። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስገድድም፤ የንስሐ አባትን መጠየቅ ነው። ከሳምንታት በላይ የወሰደው ሰው በድንገት ቢያቋርጠው ሰውነቱ ራሱ የሚያመርተውን ተመሳሳይ ንጥረ ነገር ማምረት ስላቆመ በድካም፣ በማስመለስና በደም ግፊት መውረድ ሊወድቅ ይችላል። አወራረዱን የሚያዝዘው ሐኪሙ ነው።

ብዙ ቀጭን ጨረር፣ አንድ መገናኛ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ጨረር ሕዋስን የሚገድለው በውስጡ ያለውን የዘር መመሪያ በመበጣጠስ ነው። የተበጣጠሰበት ሕዋስ ለሁለት ሊከፈል ሲል ይሞታል። ችግሩ ጨረር መልካሙን ከክፉው አይለይም፤ ዕጢው ዘንድ ለመድረስ በደኅናው አንጎል ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ዕጢውን አልፎም ይሄዳል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከባድ ጨረር ቢላክ መንገዱ ሁሉ ይቃጠላል።

መላው የመጣው ከስዊድን ነው። ላርስ ሌክሴል የተባለ የነርቭ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1951 ራስ ቅልን ሳይከፍቱ ከብዙ አቅጣጫ የሚላኩ ቀጫጭን ጨረሮችን አንድ ነጥብ ላይ የማገናኘትን ሐሳብ ጻፈ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ጋማ ናይፍ (የጋማ ቢላዋ) የተባለው የመጀመሪያው መሣሪያ ተሠራ። አሁን በብዛት የሚሠራበት ዓይነት 192 የኮባልት ምንጮች አሉት። በጻድቃኔ ማርያም የንግሥ ዕለት ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ሲመጣ በየመንገዱ ሳሳ ብሎ ነው የሚታየው፤ ቅጥሩ ውስጥ ግን መፈናፈኛ ይጠፋል። የጨረሩም ነገር እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ብቻውን ደካማ በመሆኑ ያለፈበትን አንጎል ብዙም አይጎዳም፣ ሁሉም የሚገናኙበት ነጥብ ላይ ግን ዕጢ የሚገድል ኃይል ይከማቻል። ከነጥቡ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወጣ ሲባል ኃይሉ በፍጥነት ይወድቃል። ያነጣጠረ ጨረር የምለው ይህን ነው።

መሣሪያው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ሊኒየር አክስለሬተር የሚባለው፣ በኤሌክትሪክ ኤክስሬይ የሚያመነጨው የተለመደ የጨረር ማሽን፣ ተጨማሪ ዝግጅት ከተደረገለት ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ በሕመምተኛው ዙሪያ እየዞረ ይተኩሳል። ሳይበር ናይፍ ደግሞ ትንሽ ማሽን በሮቦት ክንድ ላይ የተሰቀለበት ነው፤ በ1990ዎቹ ያወጣው ከሌክሴል ዘንድ የተማረው አሜሪካዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ጆን አድለር ነው። «የትኛው ይበልጣል?» ብለው የሚጨነቁ ቤተሰቦች አሉ። በእኔ ግምት ጭንቀቱ ቦታውን ስቷል። በሚገባ ከተሠራባቸው ውጤታቸው የተቀራረበ ነው፤ ልዩነት የሚያመጣው የሠሪው ልምድና የምስሉ ጥራት ነው።

የሚሰጠው መጠን ግሬይ በሚባል መለኪያ ይሰፈራል። አሜሪካ ውስጥ በተደረገ የታወቀ ጥናት ተነሥቶ ለብዙ ጊዜ መመሪያ የሆነው ስፍር እንዲህ ነው፦ እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ዕጢ 24 ግሬይ በአንድ ጊዜ፣ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር 18 ግሬይ፣ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር 15 ግሬይ። ዕጢው ሲተልቅ ስፍሩ የሚያንሰው ትልቅ ዕጢ በዙሪያው ብዙ ደኅና አንጎል ስለሚያስነካ ነው። ይህ ማለት ግን ትልቁ ዕጢ ከሚያስፈልገው ያነሰ ያገኛል ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ትልልቆቹን በ3 ወይም በ5 ቀን ከፋፍሎ መስጠት ተለምዷል፤ ለምሳሌ 27 ግሬይ በ3 ጊዜ፣ ወይም 30 ግሬይ በ5 ጊዜ።

በዕለቱ የሚሆነው ከስሙ ያነሰ ነው። ቢላዋ የሚል ስም ያለው ሕክምና ሰውን ያስፈራል፤ የሚቆረጥ ነገር ግን የለም። ጭንቅላት አንዲት ሚሊ ሜትር እንኳ እንዳይነቃነቅ ወይ በማደንዘዣ በቆዳው ላይ በአራት ትንንሽ ብሎኖች የሚያዝ የብረት ቀለበት ይደረጋል፣ ወይም በፊት ልክ የተሠራ ጠንካራ ጭምብል። ሕመምተኛው ነቅቶ ይተኛል፤ ጨረሩ አያምም፣ አይሞቅም፣ አይታይም። ጊዜው እንደ ዕጢው ብዛት ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓታት ይዘልቃል። ብዙዎች በዚያው ቀን ወደ ማረፊያቸው ይመለሳሉ። ጨረር ሰውነቱ ውስጥ አይቀርም፤ ልጅ ማቀፍም፣ አብሮ ማዕድ መቅረብም ይችላል።

ከዚያ በኋላ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዕጢው በዚያው ሳምንት አይጠፋም። ለመኮማተር ሳምንታትና ወራት ይፈጅበታል፤ አንዳንዱ ጠባሳ ሆኖ ለዘለቄታው በምስል ላይ ይታያል። ማደጉን ማቆሙ ራሱ ድል ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ10 የታከሙ ዕጢዎች 8 ወይም 9 ያህሉ ባሉበት ይገታሉ፤ ትንንሾቹ ላይ ውጤቱ ይበልጣል።

ጭንቅላቱን በሙሉ ለምን አይሰጡትም?

አስተዋይ ጥያቄ ነው። ካንሰሩ በደም ከተዛመተ ያልታየም ሊኖር ይችላልና አንጎሉን በሙሉ በጨረር ማጠብ አይሻልም? ለብዙ አሥርት ዓመታት የተደረገውም ይኸው ነበር፤ ብዙ ጊዜ 30 ግሬይ በ10 ቀን ተከፋፍሎ። ሥራውን ይሠራል፤ አዲስ ዕጢ የመውጣቱን ዕድል ይቀንሳል። ዋጋው ግን የማስታወስ ችሎታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የሰሜን አሜሪካ ጥናት ከ1 እስከ 3 ዕጢ ያላቸው 213 ሕመምተኞችን በሁለት ከፈለ። ያነጣጠረ ጨረር ብቻ ካገኙት ውስጥ ከሦስት ወር በኋላ በማስታወስና በማሰብ ፈተና ውጤታቸው የወረደው ከ100 ሰው 64 ያህሉ ናቸው። የሙሉ አንጎል ጨረር ከተጨመረላቸው ግን ከ100 ሰው 92 ያህሉ። በሕይወት በመቆየት በኩል በሁለቱ መካከል ተጨባጭ ልዩነት አልታየም። አያት የልጅ ልጇን ስም እየረሳች፣ ዕድሜዋም ካልረዘመ፣ ለምን?

ከዚያ በፊት በ2014 የጃፓን ሐኪሞች 1,194 ሕመምተኞችን ተከታትለው ከ5 እስከ 10 ዕጢ ያላቸው በዚሁ ባነጣጠረ ጨረር ብቻ ታክመው ከ2 እስከ 4 ካላቸው ጋር እኩል እንደቆዩ አሳይተዋል። እዚያ ጥናት የገቡት ዕጢዎቻቸው ትንንሾችና ጠቅላላ ይዘታቸው የተወሰነ የሆኑት መሆናቸውን መርሳት አይገባም። ቢሆንም «ከሦስት በላይ ከሆነ አይሆንም» የሚለው የቆየ ሕግ ከዚያ ወዲህ ላላ።

የሙሉ አንጎል ጨረር ግን አልሞተም። ዕጢዎቹ እንደ ጤፍ ተበትነው ሊቆጠሩ ካልቻሉ፣ ካንሰሩ የአንጎልን ሽፋን ከያዘ፣ ወይም ስሞል ሴል የተባለው የሳንባ ካንሰር ከሆነ ብዙ ጊዜ ተመራጩ እሱ ነው። አሁን ትዝታን የሚያከማቸውን ሂፖካምፐስ የተባለ የአንጎል ክፍል እየሸሹ መስጠትም ይቻላል፤ ሜማንቲን የሚባል ክኒንም ይጨመርበታል። ደግሞ ምንም ጨረር ያልረዳበትም ጊዜ አለ። በብሪታንያና በአውስትራሊያ 538 የሳንባ ካንሰር ሕመምተኞች የተካፈሉበት፣ ለቀዶ ሕክምናም ላነጣጠረ ጨረርም የማይሆኑ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት የሙሉ አንጎል ጨረር ያገኙትና ዴክሳሜታሶንና እንክብካቤ ብቻ ያገኙት በሕይወት የቆዩበት ጊዜ በሁለቱም ዘንድ ዘጠኝ ሳምንት ገደማ እንደሆነ አሳየ። ሐኪም «ቤቱ ይሁን፣ ሕመሙን እናስታግስለት» ሲል ተስፋ ቆርጦ ወይም ቸል ብሎ ላይሆን ይችላል፤ ከዚህ ዓይነት ማስረጃ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል።

ለማን ይሆናል?

ብዛቱ ጥቂት፣ መጠኑ ትንሽ፣ ሕመምተኛው ራሱን የሚረዳ፣ በቀረው ሰውነት ያለው ካንሰርም በመድኃኒት የሚገታ ከሆነ ያነጣጠረ ጨረር በእርግጥ የሚጠየቅ ሕክምና ነው። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጉበትና ሳንባው በካንሰር ተይዞ መድኃኒት ያለቀበት ሰው አንጎሉ ብቻ ቢታከም ዕድሜውን የሚወስነው ሌላው ነው።

አንድ ትልቅ ዕጢ አንጎልን ገፍቶ ከሆነ ቀዶ ሕክምና ይቀድማል፤ ግፊቱን በዚያው ቀን ያነሣል፣ ሕዋሱም ለምርመራ ይወጣል። የወጣበት ጉድጓድ ግን ጨረር ካላገኘ ዕጢው በዓመት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሰው ላይ እዚያው ይመለሳል። ስለዚህ «ወጥቶልኛል» ብሎ ወደ እርሻ መመለስ አይበቃም። ወደ አንጎል የሚገቡ አዳዲስ መድኃኒቶችም አሉ፤ ለአንዳንድ የሳንባ ካንሰሮች ኦሲመርቲኒብና አሌክቲኒብ፣ ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር ቱካቲኒብ። ለሕመምተኛው ይሆናሉ አይሆኑም የሚለው የሚታወቀው ዕጢው በተመረመረበት የፓቶሎጂ ውጤት ነው። ያ ወረቀት ከማኅደር ወጥቶ ኮፒ ይደረግ።

ገንዘቡ የት ይዋል?

ያነጣጠረ ጨረር የሚመታው በዕለቱ ምስል ላይ የታየውን ነው። ያልታየውን አይነካም፤ ነገ የሚወጣውንም አይከለክልም። ግማሽ ያህሉ ሕመምተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ ቦታ ላይ አዲስ ዕጢ ይወጣበታል። በጊዜ ከተገኘ ትንሽ ሆኖ ሳለ እንደገና በዚያው መንገድ ይታከማል፤ ካልተገኘ ግን የሚታወቀው በመንቀጥቀጥ ወይም በሽባነት ነው። ስለዚህ ከሕክምናው በኋላ በመጀመሪያው ዓመት በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩ ኤምአርአይ መነሣት የሕክምናው ግማሽ ነው ብል አላጋነንኩም።

እኛ ዘንድ የሚሆነው ይታወቃል። በሬ ይሸጣል፣ እድር ያዋጣል፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ እንዲልክ ይጠየቃል፣ ገንዘቡ ሁሉ ውጭ አገር ለሚደረገው የአንድ ቀን ሕክምና ይውላል። ሰውየው ታክሞ ሲመለስ ለሚቀጥለው ምስል የሚሆን ሳንቲም የለም። እኔ ብጠየቅ ቤተሰቡ ከመነሣቱ በፊት ቢያንስ ለአራት ኤምአርአይ የሚሆነውን ገንዘብ ለይቶ ባንክ ያስቀምጥ እላለሁ። ያንን መቻል ካልተቻለ ውጭ አገር ሄዶ መታከሙ ራሱ እንደገና ይመከርበት፤ ለሐኪሙም በግልጽ ይነገረው፣ ምክሩ ሊለወጥ ይችላልና።

ከምስሉ ጋር የሚመጣ ሌላም ጣጣ አለ። ከ10 ሕመምተኞች በአንዱ ያህል ላይ፣ ከወራት በኋላ፣ ጨረሩ ያረፈበት ቦታ ራሱ ሞቶ ያብጣል። በምስል ላይ ዕጢው እንደገና ያደገ ይመስላል፤ ልምድ ያለው ዓይን እንኳ ይሳሳታል። ይህ ሲሆን ተጨማሪ ጨረር ጉዳት ነው፤ የሚታከመው በዴክሳሜታሶን፣ ቤቫሲዙማብ በሚባል መድኃኒት፣ አንዳንዴም በቀዶ ሕክምና ነው። ለመለየት የሚረዳው የቀድሞዎቹ ምስሎች ተራ በተራ ጎን ለጎን መታየታቸው ነው። እዚህ ላይ ያየሁት ክፉ ልማድ ሰው የራጅ ወረቀቱን ይዞ ሲዲውን መጣሉ ነው። በወረቀት የተጻፈው ንባብ የሌላ ሰው አስተያየት ነው፤ ለሐኪሙ የሚጠቅመው ሲዲው ላይ ያለው ምስል ነው። ጨረሩ የተሰጠበት ማዕከል መጠኑንና ቦታውን የሚገልጽ ማጠቃለያ እንዲሰጥም መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሁለተኛ ጊዜ የሚያክመው ሐኪም ያለ እሱ በጨለማ ነው የሚሠራው።

በአገራችን የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ በኮባልት ማሽን። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሊኒየር አክስለሬተር ገብቷል፣ ጅማን የመሰሉ ከተሞችም አገልግሎቱን ጀምረዋል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ መራቋ ከብዙ የአገራችን ክፍል ሕመምተኞች የተሻለ ዕድል ነው። የጨረር ማሽን ያለው ቦታ ሁሉ ግን ይህን ሥራ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ልዩ የማሰሪያ ዕቃ፣ በሕክምናው ሰዓት የሚያነሣ ምስልና መጠኑን የሚያሰላ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ይፈልጋል። ስለዚህ ሪፈር የሚጽፈውን ሐኪም «ዶክተር፣ ያነጣጠረ ጨረር ለእሷ ይሆናል? የሚሠራውስ የት ነው? እስኪደርሳት ምን ያህል ትጠብቃለች?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ወረፋው ረጅም ከሆነና ዕጢዎቹ እያደጉ ከሆነ በአምስት ቀን የሚያልቅ የሙሉ አንጎል ጨረር ዛሬ ማግኘት ከአራት ወር በኋላ ከሚመጣ የተሻለ ማሽን ሊበልጥ ይችላል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ያለው ቤተሰብ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ የሪፈሩን ሰንሰለት ሳይበጥስ ይያዝ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ደስ ባያሰኝም። ልማዳችን ለሕመምተኛው አለመንገር ነው። «እማማ፣ ትንሽ ውኃ ቋጥሮ ነው ብለዋል» ይባልና ልጆቹ በር ላይ ቆመው ያለቅሳሉ። በሌላ ሕመም ይህ ያስኬድ ይሆናል። እዚህ ግን ሴትዮዋ ነቅታ ጭምብል ለብሳ ሳትነቃነቅ መተኛት አለባት፤ ትዝታዋን ለአዲስ ዕጢ መከላከያ ብላ ትሰጥ እንደሆነ የምትመርጠውም እሷ ናት። ምን እንደሆነ ሳይነገራት እንዴት ትመርጣለች? ሁሉን በአንድ ቀን አውርዶ መጣል አያስፈልግም። ምን ያህል ማወቅ እንደምትፈልግ መጠየቅ ግን ይቻላል፤ ብዙዎቹ ቤተሰቡ ከሚገምተው በላይ ያውቃሉ።

ከሕክምናው በኋላ ባሉት ቀናት ድካም፣ ቀላል ራስ ምታትና ብሎኖቹ በነኩት ቦታ መጠነኛ እብጠት የተለመደ ነው። የቀጠሮ ቀን ሳይጠበቅ መሄድ የሚያስፈልገው ራስ ምታቱ ዴክሳሜታሶን እየተወሰደ ከባሰ፣ ማስመለሱ ክኒን ካላሳደረ፣ አዲስ መንቀጥቀጥ ወይም የአንድ ጎን ስንፈት ከታየ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ ወይም ሕመምተኛው ቀን ሙሉ ከእንቅልፍ ለመንቃት ካስቸገረ ነው። ያን ጊዜ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል፤ ሲዲው፣ የጨረሩ ማጠቃለያና የመድኃኒቶቹ ዝርዝርም በአንድ ፌስታል ውስጥ አብረው ይሂዱ።